ፒክአፕ መኪና በቤተሰብ ኑሮ ውስጥ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)




በመሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ስለ ግድብ፣ ስለ ድልድይና ስለ ታላላቅ ፋብሪካዎች መነጋገር የተለመደ ነው። በአንድ ቤተሰብ ደጃፍ የቆመ አነስተኛ የጭነት መኪና የንግግር ርእስ ሲሆን ግን ነገሩ ለአንዳንዱ አድማጭ ቀላል ሳይመስል አይቀርም። ይሁን እንጂ አንድ መሣሪያ የሚመዘነው በግዝፈቱ ሳይሆን በላዩ በተጣለበት ኃላፊነት ከሆነ፣ በገጠርና በአነስተኛ ከተሞች ፒክአፕን የሚያህል መሣሪያ ብዙ አይገኝም። ጠዋት ማዳበሪያ ያመላለሰው መኪና በቀትር እህል ወደ ገበያ ያወርዳል፤ ማታ ደግሞ ምጥ የያዛትን እናት ይዞ ወደ ሐኪም ቤት ይገሠግሣል። በሦስቱም ጊዜ አካሉ አንድ ነው፤ የሚሸከመው ግን አንድ አይደለም። የዚህ ንግግር ዓላማም ይህን ልዩነት በምህንድስና ሚዛን መመርመር ነው።

ሀ) የመኪናው ጠባይ

በፋብሪካ የተሠራ ፒክአፕ ታሪክ ከመቶ ዓመት ብዙም አያልፍም። የፎርድ ኩባንያ በሞዴል ቲ መኪናው ላይ የጭነት ሣጥን ገጥሞ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1925 ነበር። ዛሬ በአገራችን ስሙ ከፒክአፕ ጋር ተለይቶ የማይጠራው ቶዮታ ሃይሉክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ተወለደ። ከዚያ በፊት የገጠር መኪና ሲባል በብዙው ሰው አእምሮ የሚመጣው ላንድሮቨር ነበር። የጃፓን ፒክአፖች ሲመጡ ዋጋቸውና የነዳጅ ፍጆታቸው ቀለል ያለ፣ ጥገናቸውም በማንኛውም ጋራዥ የሚከናወን ሆኖ በመገኘቱ በመሥሪያ ቤቶችም በግለሰቦችም ዘንድ ቦታ አገኙ።

የክፍሎቹ መጠሪያ ከጣሊያን ቋንቋ የተወረሰ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፦ ሰው የሚቀመጥበት ጋቢና፣ ጭነት የሚያርፍበት ካሶኒ፣ የካሶኒው ዙሪያ ስፖንዳ፣ ከኋላ ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራ ነው። መሠረታዊው ነገር ይህ ነው፦ ፋብሪካው ጋቢናን ለሰው፣ ካሶኒን ለዕቃ ሠርቷል። የኋላው ባሌስትራ የተመጠነው ለጭነት ስለሆነ ባዶውን ሲሄድ ይደርቃል፣ ያነጥራል፤ የኋላ ጎማዎቹም ክብደት በማጣታቸው በጭቃ ላይ መሬት መቆንጠጥ ይሳናቸዋል። ስለዚህ ባዶ ፒክአፕ ከተጫነው ይልቅ አስተማማኝ ነው የሚለው አስተያየት ሁልጊዜ ትክክል አይደለም።

ለ) አገሩና መንገዱ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ጎጃም የሚጓዝ ሰው ጎሐ ጽዮን ላይ የአባይን ሸለቆ ቁልቁል ይመለከታል። ወንዙን ተሻግሮ ደጀን ሲወጣ የየጥኖራን፣ የብቸናንና የሞጣን አገር ያገኛል። ይህ ከባሕር ወለል ወደ 2,500 ሜትር ከፍ ያለ፣ በነጭ ጤፉ የታወቀ ደጋማ አገር ነው። የጥኖራ በደርግ ዘመን ከአገሪቱ ስመ ጥር የአምራቾች የኅብረት ሥራ ማኅበራት አንዱ የነበረባት ስፍራ ናት። በ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ከታወጀ በኋላ የዚህ ዓይነት ማኅበራት በየስፍራው ሲፈርሱ፣ በሬውም ማሳውም ወደ ቤተሰብ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እህልን ከአውድማ ወደ ጎተራ፣ ከጎተራ ወደ ገበያ ማድረስ የእያንዳንዱ ቤተሰብ የራሱ ጣጣ ሆነ።

የአገሩን መኪና የሚፈትነው ዋልካ አፈር ነው። ይህ ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ እንደ ሳሙናም ያንሸራትታል፤ በበጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ጤፍን የሚያበቅለው ይኸው አፈር መንገድን ያፈርሳል። ከደጀን በብቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ ለብዙ ዘመን የጠጠር መንገድ ሆኖ ከቆየ በኋላ አስፋልት ማግኘቱ ትልቅ ለውጥ ነው። ዳሩ ግን የቤተሰብ ጉዞ በአስፋልት ጀምሮ በአስፋልት አይጨርስም። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች፣ ማለት ከዋናው መንገድ እስከ ወላጆች ደጅ ያሉት፣ ዛሬም በአብዛኛው ዋልካ ናቸው። ከሞጣ በስተሰሜን በአባይ ላይ ባለው ሰባራ ድልድይ ደግሞ ለብዙ ዘመን መኪና ጨርሶ ይቆም ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጎንደርን የሚሻገር ጭነት የአህያና የሰው ትከሻ ነበር። ፒክአፕ የተወደደው ከአስፋልቱ ማብቂያ እስከ አህያው መጀመሪያ ያለውን ክፍተት ስለሚሞላ ነው።

ሐ) የቤተሰቡ ሒሳብ

ለምሳሌ ያህል ብቸና ከተማ የሚኖር አንድ የመንግሥት ሠራተኛ ይታሰብ። ሚስቱ በከተማው አነስተኛ ሱቅ አላት፤ አራት ልጆች ያሳድጋሉ፤ አረጋውያን ወላጆቹ ከከተማው ራቅ ብለው በገጠር ይኖራሉ፣ መሬታቸውንም በእኩል ያሳርሳሉ። እንዲህ ያለ ቤተሰብ አንድ ጋቢና ያለው አሮጌ ፒክአፕ ሲገዛ ምን ያገኛል?

በመስከረም ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ ፍራሽና ስንቅ ያደርሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ሲሰበሰብ እህሉን ከዝናብና ከምስጥ አድኖ ወደ ከተማ ያስገባል። በጥር ሙሽራ ያመጣል፤ ድንኳንና ወንበር ያመላልሳል። ለሱቁ ከደብረ ማርቆስ ዕቃ ያመጣል። በማናቸውም ወር ደግሞ ለቅሶ ያደርሳል፤ በሽተኛ ያወጣል። ይህን ሁሉ አውቶሞቢል ሊሠራው አይችልም፤ ትልቅ የጭነት መኪናም ለአንድ ቤተሰብ አቅም አይሆንም።

ወጪው ግን ከሁለት ይከፈላል። አንደኛው ቢነዳም ባይነዳም የማይቀር ነው፤ ይኸውም የግዢው ገንዘብ፣ ዓመታዊ ምርመራና ኢንሹራንስ፣ እንዲሁም በእርጅና የሚጠፋው ዋጋ ነው። ሁለተኛው ከጉዞ ጋር የሚጨምር ነው፦ ናፍጣ፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ። ብዙ ቤተሰቦች የሚያስቡት ናፍጣውን ብቻ ነው። ጎማው በዓመቱ መጨረሻ ሲያልቅ እንደ ድንገተኛ አደጋ ይቆጠራል፤ ሲያልቅ የኖረው ግን በየቀኑ ነው። ባለፉት ዓመታት ደግሞ ነገሩ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 አገልግለው ወደ አገር በሚገቡ መኪናዎች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መታገዱም ቀድሞ በአገር ውስጥ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየትን ይበልጥ ግድ አድርጎታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በደረሰው ግጭት መንገድ በተዘጋባቸው ቀናት መኪናው ቆሞ ሲውል እንኳ የመጀመሪያው ዓይነት ወጪ አልቆመም።

ከሁሉም የሚከብደው ግን በመዝገብ የማይገባው ወጪ ነው፤ እሱም ይሉኝታ ነው። በመንደሩ አንድ ፒክአፕ ካለ የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አይኖርም። «አያ እገሌ፣ እስከ ገበያው ብቻ አድርሱን» ያለን ጎረቤት ባዶ ካሶኒ እያሳዩ መተው ነውር ነው። በሽተኛ የተሸከሙ ሰዎች ሌሊት በር ሲያንኳኩ ናፍጣ የለም ማለት አይቻልም፤ አይገባምም። በየወረዳው አምቡላንስ ከመሰማራቱ በፊት የብዙ ገጠሮች አምቡላንስ ፒክአፕ ነበር፤ አምቡላንሱ ሌላ በሽተኛ ይዞ በሄደበት ሰዓት ዛሬም ይኸው ነው። ስለዚህ ይሉኝታን እንደ ጎጂ ልማድ ብቻ መቁጠር ስሕተት ነው። መኪናው በመንደሩ የሚከበረው፣ ጭቃ ሲይዘውም ሃያ ሰው ወጥቶ የሚገፋው በዚሁ ይሉኝታ ምክንያት ነው። ጥያቄው ይሉኝታው ከመኪናው አቅም በላይ ሲሆን ምን ይደረጋል የሚለው ነው።

መ) ሰውና ጭነት በአንድ ካሶኒ

አነስተኛ ፒክአፕ በተለምዶ ወደ አንድ ቶን ይጭናል ይባላል። አንድ ቶን ዐሥር ኩንታል ነው። ከዚህ ላይ ግን አንድ የተዘነጋ ነገር አለ። በብዙ ፋብሪካዎች አቆጣጠር ይህ አንድ ቶን በጋቢናው የሚቀመጡትን ሰዎች ክብደት ይጨምራል። ሦስት ሰዎች 200 ኪሎ ቢመዝኑ ለእህሉ የሚቀረው 800 ኪሎ፣ ማለት ስምንት ኩንታል ነው። በጆንያዎቹ ላይ አራት ሰዎች ከወጡ ሌላ 240 ኪሎ ይቀነሳል፤ በሕጋዊው ልክ ሊጫን የሚገባው አምስት ኩንታል ተኩል ገደማ ሆኖ ይቀራል። በገበያ ቀን ግን ዐሥሩ ኩንታል እንዳለ ሆኖ አራቱ ሰዎች ከላይ ይጨመራሉ። መኪናው አልተሰበረም ማለት ችሏል ማለት አይደለም፤ ባሌስትራው፣ ኩሽኔታውና ፍሬኑ ዕዳውን ለሌላ ቀን አስተላልፈውታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ ከፍታ ነው። በጆንያ ላይ የተቀመጠ ሰው የመኪናውን የክብደት ማእከል ወደ ላይ ያነሣዋል፤ በመታጠፊያ ላይ የመገልበጡም ዕድል በዚያው መጠን ይጨምራል። የሚይዘው ነገርም የለውም። መኪናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር እየሄደ በድንገት ቢቆም፣ ከላይ ያለው ሰው የሚወረወርበት ፍጥነት ከ6 ሜትር ከፍታ የሚወድቅ ሰው መሬት ከሚመታበት ፍጥነት ጋር እኩል ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከፍታው ከ14 ሜትር ያልፋል። ማንም እናት ልጇን ከ14 ሜትር ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጣ ወደ ገበያ አትሄድም። በካሶኒ ላይ ግን ይህ የየዕለት ነገር ነው፤ ምክንያቱም ገደሉ አይታይም።

ሦስተኛው የአባይ ቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ወንዙ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ውስጥ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል። በጠቅላላው 2,500 ኪሎ የሚመዝን የተጫነ ፒክአፕ ይህን ሲወርድ 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል አንድ ቦታ መጣል አለበት። ይህ መቶ ሊትር ውኃ ከ15 ዲግሪ ወደ 90 ዲግሪ የሚያሞቅ ሙቀት ነው። ሾፌሩ ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ በፍሪ ማርሽ ከወረደ ሙቀቱ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ያርፋል፤ የጋለ ፍሬንም ሲረግጡት አይዝም። በከባድ ማርሽ ከወረደ ግን አብዛኛውን ሞተሩ ይይዝለታል። በዳገቱ ደግሞ ሌላ ነገር ይገጥማል፦ በ2,500 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በዚያው ልክ ጉልበቱ ይቀንሳል። ሻጩ በወረቀት ያሳየው የፈረስ ጉልበት ደጀን ላይ የለም።

ሠ) ምን ቢደረግ ይሻላል?

በመጀመሪያ ደረጃ ምርጫው ከቤተሰቡ ቁጥር መነሣት አለበት። አራት ልጆች ላሉት ሰው ባለ አንድ ጋቢና ፒክአፕ ርካሽ አይደለም፤ የጎደለው ዋጋ የተቀነሰው ከልጆቹ መቀመጫ ነውና። ባለ ደብል ጋቢናው ካሶኒው አጭር ነው፤ ከእህሉ ሁለት ኩንታል ያህል ያጎድላል፤ ነገር ግን አምስት ሰው በበርና በቀበቶ ውስጥ ያስገባል። የሁለት ኩንታል ጤፍ ዋጋና የሁለት ልጆች ደኅንነት በአንድ ሚዛን ከተቀመጡ መልሱ አያጠራጥርም።

በሁለተኛ ደረጃ ባለ አንድ ጋቢና መኪና ቀድሞ ያለው ቤተሰብ ሁለት ጉዞ ማድረግን መልመድ አለበት። ሰው በአንድ ጉዞ፣ እህል በሌላ። የሁለተኛው ጉዞ ናፍጣ ወጪ ነው፤ ነገር ግን ከታወቀ ወጪ ነው። ከተቻለም ሰው በአውቶቡስ እንዲሄድ፣ መኪናው ጭነቱን ብቻ እንዲያመላልስ ማድረግ ከሁሉ ይረክሳል። በሽተኛ ሲሆን በጋቢናው ይቀመጥ፤ መቀመጥ ካልቻለ ግን ፍራሽ ተነጥፎ፣ ካሶኒው ከሌላ ጭነት ሁሉ ተራግፎ፣ የሚይዘው ሰው ከአጠገቡ ዝቅ ብሎ፣ በዝግታ ይነዳ።

በሦስተኛ ደረጃ የመኪናው ደንብ ጎረቤት ሳይጠይቅ ቀድሞ ይታወቅ። «በዚህ መኪና ጭነት ላይ ሰው አይወጣም» የሚለው ቃል ለሁሉም እኩል ከተነገረ ማንንም አያስቀይምም። ለአንዱ ተፈቅዶ ለሌላው ሲከለከል ግን ጠብ ይሆናል። ነውሩ ያለው በክልከላው ሳይሆን በማዳላቱ ነው።

በመጨረሻም የባለሙያዎች ድርሻ አለ። የጭነት ልክ በፋብሪካው ሰሌዳ ላይ በውጭ ቋንቋና በኪሎ ግራም ተጽፎ በበሩ መቃን ተደብቆ ይገኛል። ይህ በአማርኛ፣ በኩንታልና በሰው ቁጥር ተለውጦ በስፖንዳው ላይ በቀለም ቢጻፍ ጋራዦችን የሚያስወጣቸው እምብዛም ነው። ገበሬው ኩንታል ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ የጎደለው ቁጥሩን በሚገባው ቋንቋ የሚነግረው ሰው ነው። በየከተማው የሚገኙ የማኅበሩ አባላት ከዓመታዊው የመኪና ምርመራ ጋር አያይዘው ይህን ቢጀምሩ፣ አንድም ድልድይ ሳይሠሩ ብዙ ሰው ያሻግራሉ።

ፒክአፕ ለዚያ አገር ቤተሰብ ቅንጦት አይደለም። ጎተራውን፣ ሱቁን፣ ሠርጉንና ለቅሶውን አንድ ላይ የሚያያይዝ መሣሪያ ነው። ጤፍ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሶ ይበቅላል፤ ስለዚህ መኪናው ሊሸከመው ያልቻለ ነገር ሲኖር ሁልጊዜ መውረድ ያለበት ጆንያው ነው።