ከቆጣሪው በኋላ ያለው ውኃ
(ለማኅበሩ አባላት ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)




በአዲስ አበባ ስለ ውኃ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚወራው ከቆጣሪው በፊት ስላለው ውኃ ነው። በ1930ዎቹ ዓ.ም. ስለ ተሠራው የገፈርሳ ግድብ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ስለ ተጨመረው ለገዳዲ፣ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ስለ ተከተለው ድሬ፣ ከአቃቂ ጉድጓዶችም በፓምፕ ኃይል ሽቅብ ወደ ከተማው ስለሚገፋው የከርሰ ምድር ውኃ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተመክሮበታል። ውኃው ቆጣሪውን አልፎ ግቢ ከገባ በኋላ ግን ነገሩ የቤት እመቤትና የቧንቧ ሠራተኛ ጉዳይ ተደርጎ ይተዋል። መሐንዲሱም ቢሆን በገዛ ቤቱ ሒሳቡ ሲበዛበት እንደ ማንኛውም ሰው አስቀድሞ የሚጠረጥረው ቆጣሪ አንባቢውን ነው።

ጥርጣሬው ፈጽሞ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም። ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ሰፈር ባዶውን የቆየ መስመር እንደገና ሲሞላ በውስጡ የነበረው አየር ተገፍቶ ሲወጣ ቆጣሪውን ሊያዞር እንደሚችል የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ከፍተኛው ሒሳብ ወር ከወር የሚደጋገም ከሆነ፣ ምክንያቱ በመጀመሪያ መፈለግ ያለበት በግቢው ውስጥ ነው። የሚፈለገውም ማንም ሳይጠጣው፣ ሳይታጠብበትና ተክል ሳያጠጣበት የሚሄድ ውኃ ነው።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አምስት ሰዎች ያሉበት ቤተሰብ፣ እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ቢጠቀም፣ በቀን 250 ሊትር፣ በ30 ቀን 7.5 ሜትር ኩብ ይፈጃል። በዚያው ቤት ያለው የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሳጥን ደግሞ፣ ከሥሩ ያለው ላስቲክ አርጅቶ በየአምስት ደቂቃው አንድ ሊትር ያህል ቢያፈስ፣ ፍሳሹ በሰዓት 12፣ በቀን 288፣ በወር 8,640 ሊትር ይሆናል። እንግዲህ ሳጥኑ ከቤተሰቡ ይበልጥ ይጠጣል ማለት ነው። ድምፁ ብዙም አይሰማም፤ በነጩ ሸክላ ላይ የምትወርደው ቀጭን ውኃም ዓይን ካላተኮረባት አትታይም። በእንዲህ ያለው ቤት ልጆችን «ቧንቧውን ዝጉ» እያሉ ሲቆጡ መዋል ምን ያህል ፍሬ እንደሚሰጥ መገመት አያስቸግርም።

ስለ ቁጠባ የሚሰጠው የተለመደ ምክር ጉድለቱ ከዚህ ላይ ነው። ምክሩ ከሰው ጠባይ ይጀምራል፤ መጀመር የነበረበት ግን ከቧንቧው ነበር። በጀሪካን ውኃ ቀድቶ ለሚኖር ሰውማ ቁጠባን አስተምራለሁ ብሎ መነሣት ድፍረት ነው፤ እርሱ የእግሩን መታጠቢያ እንኳ ለሌላ ሥራ ሳያውል አይደፋውም።

የገንዘቡ ነገር የሚከብደው የውኃ ዋጋ በእርከን የተመደበ በመሆኑ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሜትር ኩቦች በርካሽ ይታሰባሉ፤ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የሚጨመረው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ዋጋው ይንራል። ከዚህም የተነሣ የሚያፈሰው ውኃ የሚከፈልበት በርካሹ እርከን ሳይሆን ቤቱ በደረሰበት በውዱ እርከን ነው። ፍሳሹ ሲቆም የሚቀረውም ይኸው ውዱ ነው። የእርከኑ ሐሳብ ድኻውን ለመጥቀም የታቀደ ቢሆንም፣ ብዙ ተከራዮች በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ ውስጥ ሥራው ይገለበጣል። ለምሳሌ የመጀመሪያው እርከን እስከ 7 ሜትር ኩብ ቢሆንና አምስት ቤተሰቦች እያንዳንዳቸው 6 ሜትር ኩብ ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቢቆጠርላቸው ሁሉም በርካሹ ዋጋ ይከፍሉ ነበር። በአንድ ቆጣሪ ሲደመሩ ግን ከ30ው ሜትር ኩብ በርካሹ የሚታሰበው 7 ብቻ ሲሆን፣ 23ቱ ወደ ላይ ይወጣል። በዚህ ላይ ከአንዱ ሰርቪስ ቤት በስተጀርባ የማይታይ ፍሳሽ ሲጨመርበት፣ ሒሳቡ በነፍስ ወከፍ ይከፈልና ባለ ብዙ ልጆቹ እናት «የአንቺ ልጆች ናቸው ውኃውን የሚጨርሱት» ትባላለች። በአከራይና በተከራይ መካከል ከሚነሡት ጠቦች ስንቱ በአንዲት ያረጀች ላስቲክ ምክንያት እንደሆነ ቢመረመር መልካም ነበር።

ፍሳሹን ከዓይን የሚሰውረው አንዱ ነገር በየጣሪያው ላይ የተሰቀለው ማጠራቀሚያ፣ በተለምዶ ሮቶ የሚባለው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ሮቶ የግድ ነው፤ ነገር ግን የመንገዱ መስመር በደረቀባቸው ቀናት እንኳ የሚያፈሰው ሳጥን ከሮቶው እየጠጣ ይሰነብታል። ውኃው በተለቀቀ ሌሊት ሮቶው የጎደለውን ይተካል፤ ባለቤቱም ተኝቷል። ሌሊት ተጠቃሚው ስለሚቀንስ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከፍ ይላል። ከአንድ ቋሚ ቀዳዳ የሚወጣ ውኃ ከግፊቱ ካሬ ሥር ጋር ስለሚመጣጠን፣ ግፊቱ እጥፍ ሲሆን ፍሳሹ በ41 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ላይ ደግሞ ስንጥቁ ራሱ በግፊቱ ስለሚከፈት ጭማሪው ከዚህም ሊያልፍ ይችላል።

ስለዚህ ምርመራው እንደ አሠራሩ በሁለት ከፍሎ መደረግ አለበት። ውኃ ባለበት ምሽት ሮቶው ከሞላ በኋላ ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉና በቆጣሪው ፊት ላይ ያለችው ትንሽ ኮከብ መሰል መዘውር ትታያለች። ፍሳሹ ጥቂት ከሆነ የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ቶሎ ስለማይከፍት፣ ወዲያው የቆመች መስላ ብትታይም አትታመንም፤ ቁጥሩን ማታ ጽፎ ጧት፣ ማንም ውኃ ሳይቀዳ፣ እንደገና ማንበብ ይሻላል። ቁጥሩ ከተለወጠ በማግስቱ ሌሊት ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው መዝጊያ ተዘግቶ ያው ንባብ ይደገማል። በዚህ ጊዜ ቆጣሪው ከቆመ ፍሳሹ ከቤት ውስጥ ነው። መዞሩን ከቀጠለ ግን ወይ ተንሳፋፊው ኳስ አልዘጋም፣ ወይም ከቆጣሪው እስከ ሮቶው በመሬት ውስጥ የተቀበረው ቧንቧ ተበስቷል። ወደ ሮቶው የሚወጣውን መስመር ከሮቶው ሥር ዘግቶ ማየት ሁለቱን ይለያቸዋል። ለመጸዳጃ ቤቱ ሳጥን ጥቂት የምግብ ቀለም፣ ካልተገኘም የቀዘቀዘ ጥቁር ቡና፣ በውስጡ ጨምሮ ግማሽ ሰዓት ሳይለቁት መቆየት ይበቃል፤ ቀለሙ በሳህኑ ውስጥ ከታየ ላስቲኩ አልቋል። ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ወጪ የአንዲት ላስቲክ ዋጋና የሁለት ሌሊት ትዕግሥት ነው።

በቤት ውስጥ ስላለው አጠቃቀም ብዙ መናገር አያስፈልግም። የቆየ የመጸዳጃ ቤት ሳጥን 9 ሊትርና ከዚያም በላይ በአንድ ጊዜ ይለቃል፤ ዛሬ የሚሠሩት 6 ወይም ከዚያ ያነሰ ይበቃቸዋል። ሳጥኑን ለመለወጥ አቅም ለሌለው፣ ውኃ የተሞላ የአንድ ሊትር ፕላስቲክ ጠርሙስ በውስጡ ማስቀመጥ በያንዳንዱ መልቀቅ አንድ ሊትር ያስቀራል። በቀን ሃያ ጊዜ በሚለቀቅበት ቤት ይህ በወር 600 ሊትር ነው። ጡብ መጨመር የሚመከርበት ቦታ አለ፤ ጡብ ግን በጊዜ ብዛት እየፈረሰ ፍርፋሪው ከላስቲኩ ሥር ይገባና ለመቆጠብ የታሰበው ራሱ ፍሳሽ ይፈጥራል። ልብስ በሳፋ የሚያጥብ ቤተሰብም የመጨረሻውን የማለቅለቂያ ውኃ ለሚቀጥለው ልብስ መዘፍዘፊያ ወይም ለመጸዳጃ ቤት ማዋልን ከማንም በፊት ያውቃል።

አትክልቱ ግን ሰፋ ያለ ነገር ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የሣር መስክ ያለበት ግቢ ከቤተሰቡ የማይተናነስ ተጠቃሚ ነው። በአዲስ አበባ የበጋ ወራት ሣር በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ወደ አየር ያተናል። አንድ ሚሊ ሜትር በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 50 ካሬ ሜትር ሣር በቀን 200 ሊትር፣ በወር 6 ሜትር ኩብ ይጠይቃል። ይህም የሚበቃው ውኃው በልክ ከተሰጠ ነው። በጎማ የሚያጠጣ ዘበኛ ግን ልኩን የሚያውቀው በዓይኑ ነው፤ መሬቱ ሲያብረቀርቅ ጠጣ ይላል። 20 ሊትር ጀሪካን በአንድ ደቂቃ ተኩል በሚሞላ ጎማ ግማሽ ሰዓት ካጠጣ 400 ሊትር ሄዷል፤ ግማሹ ለሣሩ ሲሆን ግማሹ ለቦዩ ነው። ስለዚህ ጎማውን በጀሪካን ለክቶ የማጠጫውን ደቂቃ መወሰን ከማናቸውም ውድ መሣሪያ ይቀድማል። ሰዓቱም ጧት በማለዳ ወይም ፀሐይ ከዘቀዘቀች በኋላ መሆን ይገባዋል።

ለጎመኑ፣ ለጤና አዳሙና ለጌሾው ደግሞ የአፈሩን ፊት በደረቅ ሣር፣ በቅጠል ወይም በቡና ገለባ መሸፈን ትነቱን በብዙ ይቀንሳል። ያልተሟሸ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ከተክሎቹ መካከል ቀብሮ ውኃ ሞልቶ መክደንም የታወቀ ዘዴ ነው፤ አፈሩ ሲደርቅ ሸክላው ያላባል፣ አፈሩ ሲረጥብ ያቆማል። ማሰሮው ያልተሟሸ እንዲሆን ያስፈለገበት ምክንያት ለባለሙያ ሴት ግልጽ ነው፤ የተሟሸ ሸክላ ቀዳዳዎቹ ስለ ተደፈኑ ውኃ አያሳልፍም። የአትክልት ማጠቢያ ውኃ ያለ ሥጋት ለተክል ይሰጣል። የልብስ ሳሙና ያለበት ውኃ ግን ዘወትር በአንድ መደብ ላይ ቢፈስ በውስጡ ያለው ሶዲየም አፈሩን ስለሚያበላሽ ከጓሮ አትክልት መራቅ አለበት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የዝናብ ውኃ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ፣ በዓመት 88 ሜትር ኩብ ይሰጣል። ይህ ቁጥር ግን እንዳያታልል ያስፈልጋል። 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ከዚህ ጣሪያ በ25 ሚሊ ሜትር ዝናብ ስለሚሞላ፣ የክረምቱን ውኃ እስከ ሚያዝያ አቆየዋለሁ የሚል ሰው ግቢውን በሙሉ ማጠራቀሚያ ማድረግ ይኖርበታል። ሌላው ስሕተት ከአሸንዳው ሥር በርሜል አስቀምጦ ውኃውን ለአትክልት መመደብ ነው፤ በክረምት አትክልቱ የሰው እጅ አይፈልግም። የጣሪያ ውኃ ቦታው ከቤት ውስጥ ነው፤ ለልብስና ለመጸዳጃ ቤት ቢውል በነዚያ አራት ወራት ሒሳቡን ከውዱ እርከን ሊያወርደው ይችላል። የመጀመሪያው ዝናብ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ ስለሚወርድ መደፋት አለበት፤ ቀሪውም ሳይጣራና ሳይፈላ ለመጠጥ አይሆንም።

ለመጸዳጃ ቤት ይዋል ሲባል ግን የተለየ ቧንቧ ያስፈልጋል፤ ይህም ግድግዳው ከተለሰነ በኋላ የሚታሰብ ነገር አይደለም። እዚህ ላይ ጉዳዩ ከቤት እመቤቷ እጅ ወጥቶ ወደዚህ ማኅበር አባላት ይመለሳል። በንድፉ ላይ ለመጸዳጃ ቤቱ ሳጥን የተለየ መስመር መሳል፣ ለሚከራዩት ክፍሎች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና የቆጣሪ ቦታ መተው፣ ከሮቶው በፊትና በኋላ መዝጊያ ማስገባት፣ ሲገነባ ከተደረገ ወጪው ጥቂት ነው። ከሁሉም የቀለለውና ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው የሮቶው ማስተንፈሻ ቧንቧ ነው። የቤቱ መልክ እንዳይበላሽ ተብሎ ብዙ ጊዜ ወደ ጣሪያው አሸንዳ ወይም ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ቦይ ይመራል፤ ተንሳፋፊው ኳስ ሲበላሽም ውኃው ማንም ሳያየው ለወራት ይፈሳል። ይህ ቧንቧ ዋናው በር ፊት ለፊት፣ ገቢና ወጪው በሚረግጠው ደረጃ አጠገብ እንዲወርድ ቢደረግ፣ ኳሱ በተበላሸ በማግስቱ ጧት ያስጠግኑታል።