ስለ ቢላዋ ስምና ስለ ቢላዋ ብረት



አንድ ሰው የገዛው ቢላዋ ጥቂት ጊዜ ካገለገለው በኋላ ሁለተኛ ሊጨምርበት ያስባል። ወደ ሱቅ በገባም ጊዜ የመጀመሪያው ጥያቄው «የማን ሥራ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው መልካም ነው፤ ነገር ግን ብቻውን አይበቃም። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል፤ የሸቀጥን ስም ግን የሚያወጣው ሻጩ ነውና፣ ስሙን ከብረቱ ጋር አስተያይቶ መመርመር የገዢው ፈንታ ነው። ዛሬ የምናገረውም ስለ ሰንጢ ሳይሆን፣ ስለማይታጠፈውና በአፎት ስለሚያዘው ቢላዋ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰው ስም መነገድ አዲስ ነገር አይደለም። ሼፊልድ የተባለችው የእንግሊዝ ከተማ በስለት ሥራ ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ የታወቀች ስለ ነበረች፣ በጀርመን አገር የተሠሩ ርካሽ ቢላዎች የእርሷ ስም እየታተመባቸው ይሸጡ ነበር። የከተማይቱ ባለ እጆች አቤቱታ ካበዙ በኋላ በ1887 ዓ.ም. ሕግ ወጣ፤ ይኸውም የእንግሊዝን ሥራ መስሎ የሚገባ የውጭ ዕቃ የተሠራበትን አገር እንዲገልጥ የሚያዝ ነው። ለማስጠንቀቂያ የታሰበው «በጀርመን የተሠራ» የሚለው ጽሕፈት ግን፣ ጀርመኖቹ ሥራቸውን ስላሻሻሉ፣ ከጊዜ በኋላ የምስጋና ምልክት ሆነ። የጀርመን የስለት ከተማ ዞሊንገንም በተራዋ አስመሳዮች ስለ ተነሡባት፣ ስሟ በ1938 ዓ.ም. በሕግ ተጠበቀላት። በ1994 ዓ.ም. በወጣው ደንብ መሠረትም፣ ዋና ዋናው አሠራር በዚያ አካባቢ ያልተፈጸመ ስለት «ዞሊንገን» ተብሎ ሊታተምበት አይፈቀድም።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ስም ሊሰረቅም፣ ሊጠፋም፣ ሊታደስም እንደሚችል ነው። ከዚህም በላይ እውነተኛው ስም እንኳ የእያንዳንዱን ቢላዋ ጠባይ አይነግረንም። ለምሳሌ መነሻው በ1891 ዓ.ም. የሆነውን፣ ሞራክኒቭ የተባለውን የስዊድን ድርጅት እንውሰድ። ኮምፓኒየን የሚባለውን ቢላዋ በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራዋል። አንደኛው ካርቦን የበዛበት ሲሆን በቀላሉ ይሳላል፤ ሳይደርቅ ከተቀመጠ ግን ይዝጋል። ሁለተኛው የማይዝግ የሚባለው ነው፤ እንዲህ ያለው ብረት ከመቶ 10.5 እጅ ያላነሰ ክሮሚየም ስላለበት እርጥበትን ይችላል። ደግሞም በኮምፓኒየን ላይ ወደ እጀታው የሚገባው የብረቱ ጅራት ጫፍ ሳይደርስ ይቀራል፤ ጋርበርግ በተባለው ላይ ግን እስከ እጀታው መጨረሻ ይዘልቃል። የአንድ ቤት ልጆች ቢሆኑም ቅሉ፣ አንዱ ለቀላል፣ ሌላው ለከባድ ሥራ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ «የዚህ ስም ቢላዋ ጥሩ ነው» ማለት ግማሽ ነገር ነው፤ የትኛው፣ ከምን ብረት፣ ለምን ሥራ ተብሎ ሊጠየቅ ይገባል።

እንግዲህ በሱቅ ውስጥ ሳሉ፣ አስቀድመው ሠሪው የብረቱን ዓይነትና የጥንካሬውን ልክ በግልጥ መጻፉን ይመልከቱ። ጥንካሬ የሚለካው ሮክዌል በሚባለው መለኪያ ነው፤ ብዙዎቹ መልካም የሥራ ቢላዎች ከ56 እስከ 60 ባለው ውስጥ ይገኛሉ። ብረቱ እጅግ ከለሰለሰ ስለቱ ይታጠፋል፤ ያለ ልክ ከጠነከረ ደግሞ ይሸራረፋል። «ምርጥ ብረት» ከማለት በቀር ሌላ የማይናገር ሠሪ ሊያስጠረጥር ይገባዋል። ቀጥሎም ቢላዋውን ከዓይንዎ ትይዩ አድርገው ከእጀታው ወደ ጫፉ ይመልከቱ፤ የተጣመመ ወይም ሁለቱ ጎኖቹ ሳይስተካከሉ የተሞረደ እንዳይሆን። በብረቱና በእጀታው መካከል ክፍተት ካለ ውሃ እየገባ ውስጡን ያበላሸዋል። አፎቱም በተገለበጠ ጊዜ ቢላዋውን የሚጥል መሆን የለበትም።

ይሁንና ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር በቤትዎ ያለው የመጀመሪያው ቢላዋ ነው። ሳይሳል ምን ያህል ሠራ? ስለቱ ታጠፈ ወይስ ተሸረፈ? እጀታው ተነቃነቀ? ብልሽት ባገኘው ጊዜስ ሠሪው ለወጠልዎ ወይስ ዝም አለ? ከመልካም ቤትም አንድ ጉድለት ያለበት ቢላዋ ሊወጣ ይችላልና፣ በአንዱ ብቻ ስምን ማጥፋት ፍርደ ገምድልነት ነው። ጉድለቱ የታረመበት አኳኋን ግን ስለ ሠሪው ብዙ ያስረዳል።

ነገር ግን ከመፍረድዎ በፊት ምስክሩን በሚገባ ይስሙት። ከፋብሪካ የመጣ ስለት ለዘለዓለም አይኖርም፤ ብዙ ሰው «ቢላዋው ከዳኝ» የሚለው አንድ ቀን እንኳ ሳይስለው ነው። ዱልዱም ቢላዋ ኃይል ስለሚጠይቅ፣ ከሚቆረጠው ነገር ላይ ተንሸራቶ ጣት ይበላል። ስለዚህ የቀድሞውን ማዕዘን ተከትለው፣ ሁለቱንም ጎን በእኩልነት፣ ሳይቸኩሉ በመሳያ ድንጋይ ላይ ይሳሉት። ከዚያም ስስ ወረቀት ይቁረጡበትና ወደ ማድ ቤት ይመልሱት። ስለቱን ይዞ ከቆየ፣ የዚያን ስም ቢላዋ ደግመው ለመግዛት በቂ ምክንያት አለዎት፤ ምናልባትም ሁለተኛው አያስፈልግዎ ይሆናል። በደኅና ከተሳለም በኋላ ወዲያው የሚዶለድም ከሆነ ግን፣ ስሙ የቱንም ያህል ቢደምቅ፣ ገንዘብዎን በኪስዎ ያቆዩት።