«ይሞከር» ብላችሁ የጻፋችሁት

ተመራቂ ልጆቼ፣ የጠራችሁት ኬሚስት ነውና ስለ ብረትና ስለ ደም ባወራ ታገሡኝ።

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኖቬምበር 8 ቀን 1845 ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ የደረቀ ደም በማግኔት ፈተሸ። በማስታወሻውም ላይ ትኩስ፣ ፈሳሽ ደም መሞከር እንዳለበት ጻፈ። ከደም ቅዳና ከደም መልስ የተቀዳውን ለይቶ ሳይለካ ግን ቀረ።

ነገሩ ከዘጠና ዓመት በላይ ተኛ። በ1936 ሊነስ ፖውሊንግና ቻርልስ ኮርየል ካሊፎርኒያ ውስጥ ለኩት። ኦክስጅን የያዘው የደም ፕሮቲን፣ ሄሞግሎቢንና ኦክስጅኑን ያራገፈው በማግኔት ፊት አንድ አልነበሩም። ኦክስጅን በሌለበት ጊዜ እያንዳንዱ የብረት አቶም ያልተጣመሩ አራት ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ማግኔት ይስባቸዋል። የምንተነፍሰው ኦክስጅንም ያልተጣመሩ ሁለት ኤሌክትሮኖች ስላሉት ራሱ ይሳባል። ሁለቱ ሲገናኙ ግን አንድም ያልተጣመረ ኤሌክትሮን አይቀርም! ሁለት ተሳቢዎች ተገናኝተው የማይሳብ ነገር ይሆናሉ። ስንት ዓመት ሳስተምረው ኖሬ ዛሬም ይደንቀኛል። ብረቱ እንዲህ ሲቀየር መጠኑ ያንሳል፣ ሄም ወደሚባለው፣ እሱን ወደያዘው ቀለበት መሃል ይገባል፤ ማክስ ፔሩትዝ በ1970 እንዳስረዳው ይህች ፈቅ ማለት መላውን ፕሮቲን ታንቀሳቅሳለች። ሴይጂ ኦጋዋና ባልደረቦቹም በ1990 በዚሁ የማግኔት ልዩነት ተጠቅመው በአንጎል ውስጥ ያለውን የደም ኦክስጅን ለውጥ በኤምአርአይ ማየት እንደሚቻል አሳዩ። ይህ ሁሉ ፋራዴይ ሊሠራው ካሰበው ሙከራ ጀርባ ተቀምጦ ይጠብቅ ነበር።

ስለዚህ ነው ደብተር ያዙ የምላችሁ። እኔን ያስተማሩኝ አንድ መምህር የላቦራቶሪ ደብተራችንን ሲሰበስቡ ውጤቱን ቀድመው አያዩም ነበር። «በኋላ ይሞከራል» ብለን የጻፍነውን ፈልገው ከጎኑ በቀይ «መቼ?» ብለው ይጽፉበታል። እንዴት እንፈራት ነበር ያችን ቀይ ቃል! እናንተ ደግሞ የመሣሪያውን ንባብ በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ትሄዳላችሁ። ፎቶው ቁጥሩን ይይዛል፤ ያን ጊዜ የጠረጠራችሁትን ግን አይይዝም። ይህን ጥፋት በየላቦራቶሪው አያለሁና ዝም አልልም።

ደግሞ መሣሪያ የለንም ብላችሁ አትፍሩ። ብዙዎቻችሁ በየመማሪያ ክፍሉ ውድ መሣሪያ ሳይኖር በጉብዝናችሁ እዚህ ደርሳችኋል፤ እናቶቻችሁም ያውቁታል፣ ዕልልታቸውን እየሰማሁ ነው።

ዛሬ ብሉ፣ ጠጡ፣ ጨፍሩ። ሰኞ ግን ደብተራችሁን አውጡና «ይሞከር» ካላችሁት አንዱን ምረጡ። መሣሪያው ከሌላችሁ፣ መሣሪያ ላለው ጻፉለት። መምህራን ሆይ፣ እናንተም እባካችሁ፦ እነዚህ ልጆች ከምረቃ በኋላ ያልተለካ ነገር ይዘው ቢመጡ ላቦራቶሪውን ክፈቱላቸው።