ከአንጀት ወደ ጉበት፦ የአንድ ጥርጣሬ ታሪክ



የጉበት ካንሰር መነሻው ጉበት ብቻ ነው ወይ? ጥያቄው የዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1877 ሩሲያዊው ሐኪም ኒኮላይ ኤክ ከአንጀት ወደ ጉበት ደም የሚወስደውን ሥር በውሻ ላይ ከሌላ ሥር ጋር አጋጠመው፤ ደሙም ጉበትን ሳይነካ አለፈ። በ1893 ኢቫን ፓቭሎቭና ባልደረቦቹ ሙከራውን ሲደግሙ፣ ሥጋ የበሉት ውሾች እየተንቀጠቀጡ ራሳቸውን ሳቱ። ከአንጀት የሚመጣውን ጎጂ ነገር ጉበት እንደሚያከሽፈው ታወቀ። ጉበት ከሚደርሰው ደም ሦስት አራተኛው ያህል የሚመጣው በዚሁ ሥር ነው።

ጥርጣሬው ወደ ካንሰር የዞረው ቀስ በቀስ ነው። ጉበት የሚሠራው ሐሞት ስብን ለማዋሃድ ወደ አንጀት ይወርዳል። በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ከፊሉን ዲኦክሲኮሊክ አሲድ ወደሚባል ነገር ይለውጡታል፤ እሱም በደም ወደ ጉበት ይመለሳል። በ1940 የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ይህን አሲድ ሲወጓቸው አይጦች ዕጢ እንዳወጡ ጻፉ። በ1979 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች ያለ ምንም ባክቴሪያ ያደጉ አይጦች ባክቴሪያ ካላቸው ያነሰ የጉበት ዕጢ እንደሚያወጡ አሳዩ።

መንገዱን በግልጽ ያሳየው የ2013ቱ የጃፓን ጥናት ነው። ካንሰር አምጪ ኬሚካል ተሰጥቷቸው በቅባት ምግብ በወፈሩ አይጦች ላይ አሲዱ በዛ፤ በጉበታቸው ያሉ አንዳንድ ሕዋሳት አርጅተው እብጠት ቀስቃሽ ንጥረ ነገር ማመንጨት ጀመሩ፤ ካንሰሩም ተከተለ። ባክቴሪያዎቹ በመድኃኒት ሲቀነሱ ካንሰሩም ቀነሰ። በ2018 የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ተመራማሪዎች ሌላ ገጽ ጨመሩ፦ በባክቴሪያ የተለወጠው ሐሞት ዕጢን የሚዋጉ የመከላከያ ሕዋሳት ወደ አይጦች ጉበት እንዳይሰበሰቡ ያደርጋል።

በዚያው ዓመት ግን የሚያስጠነቅቅ ውጤት ወጣ። የአንጀት ባክቴሪያቸው በተዛባ አይጦች ላይ ኢኑሊን የተባለው፣ ለጤና የሚመሰገን የተጣራ አሰር የጉበት ካንሰር አስከተለ። ስለዚህ አንዱን ባክቴሪያ ጠላት፣ ሌላውን ወዳጅ ብሎ መፈረጅ ገና ነው። አብዛኛው ማስረጃ የአይጥ ነው።

እናም አደራዬ ይህ ነው፦ ጉበቴን አጸዳለሁ ብላችሁ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በራሳችሁ አትዋጡ። የጉበት ካንሰርን ለመከላከል በሰው ላይ የተረጋገጠውን አስቀድሙ። ሄፓታይተስ ቢን ተመርመሩ፤ ክትባቱ በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ በሕፃናት መደበኛ ክትባት ውስጥ አለና ልጆቻችሁን አስከትቡ። የሻገተ እህልና ለውዝ አትብሉ፤ መጠጥም ቀንሱ።