ለልጆቻችሁ በቀን ሁለት ሰዓት



የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ ማገልገሉ አዲስ ነገር አይደለም። በ1957 ዓ.ም. የያኔው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ ማገልገል ጀመሩ። ብዙዎቹም በትምህርት ቤት አስተማሩ። እኛም በዚህ ክረምት ለአገልግሎት የመጣነው ልጆቻችሁን ለ12ኛ ክፍል ፈተና ልናዘጋጅ ነው።

ፈተናው ከባድ ነው። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ናቸው። ታዲያ ልጆቹ ጭንቅላት ጎድሏቸው ነው? አይደለም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ ሒሳቡን እያወቀ ጥያቄው ያልገባው ልጅ ይወድቃል። ስለዚህ እኛ ያለፉትን ዓመታት ጥያቄዎች በአማርኛ እናስረዳለን፤ ልጁ ራሱ ሠርቶ እስኪያሳየን ድረስም እንደጋግማለን።

የእናንተስ ድርሻ ምንድን ነው? ጊዜ መስጠት ነው። ልጁ ከብት ሲያግድ፣ ልጅቱ ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ከዋሉ፣ ማታ ደብተር ሲገልጡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። በቀን ሁለት ሰዓት ተዉላቸው። የልጅቱም ሰዓት ከወንድሟ አይነስ።

«ለዩኒቨርሲቲ የሚከፈለው ከየት ይመጣል?» ትሉን ይሆናል። መንግሥት የመደበው ተማሪ የወጪውን ድርሻ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። ገንዘብ ፈርታችሁ ልጁን አታስቀሩት።

ወቅቱ ያለፈበት እርሻ ምን ያበቅላል? ትምህርትም እንዲሁ ነው። እንግዲህ ከነገ ጀምሮ ልጆቻችሁን ላኩልን።