ስለ ጥርስ ሕመምና ስለ ጥርስ ሥር ሕክምና የተሰጠ ንግግር



ከካርቱም ማዶ፤ ከኦምዱርማን በስተ ደቡብ በነጭ ዓባይ ዳር፤ አል ኺዳይ የሚባል ጥንታዊ የመቃብር ስፍራ አለ። በ2014 የወጣ አንድ ጥናት (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ የተቀበሩት ሰዎች ከእንግጫ ወገን የሆነ የአንድ ሣር ሥር ይበሉ እንደ ነበር በጥርሳቸው ላይ ከደረቀው ቆሻሻ አረጋግጧል። ሥሩ ጥርስ የሚያበላሹትን ረቂቅ ተሕዋስያን የመግታት ኀይል ስላለው፤ ጥርሳቸው የተበላው ጥቂቶች ብቻ የሆኑት ምናልባት በዚህ ምክንያት ሳይሆን አይቀርም ተብሏል። ሻይ በብዙ ስኳር በሚጠጣበት በኋለኛው ዘመን ካርቱም ግን ለጥርስ እንዲህ ያለ ጠባቂ አልተገኘለትም።

የጥርስ ሕመም ከትል ይመጣል የሚለው እምነት እጅግ የቆየ ነው። የእምቧይ ፍሬ አጢሶ ትሉን አስወጣለሁ የሚል አዋቂም አልጠፋም። ነገር ግን ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 ባሳተመው መጽሐፍ፤ ትሉን በዓይኑ ለማየት ብዙ ደክሞ እንዳላገኘ ገልጿል።

በጥርስ መካከል ነርቭና የደም ሥር ያለበት ለስላሳ ሥጋ አለ፤ ይህም በየሥሩ ውስጥ በቀጭን ቦይ እስከ መንጋጋ አጥንት ይወርዳል። ተሕዋስያኑ ስኳሩን ወደ አሲድ እየለወጡ የጥርሱን ልባስ ይበሳሉ። ጉዳቱ ወደ ውስጥ በደረሰ ጊዜ ሥጋው ይቆጣል፤ ዙሪያው ግን ጠንካራ ግድግዳ ስለ ሆነ የሚያብጥበት ስፍራ አያገኝም። ሰው ሌሊት ሲጋደም ሕመሙ የሚብስበትም ደም ወደ ራስ ስለሚበረታ ነው። በ1965 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከተሕዋስያን ንጹሕ ሆነው ያደጉ አይጦችን ጥርስ ቢበሱ ቁስሉ በራሱ ዳነ፤ በተራዎቹ አይጦች ግን ሥጋው ሞተ።

እንግዲህ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሳምንት ሙሉ ያላስተኛው ጥርስ በድንገት ዝም ሲል «ተሻለኝ» ብሎ ይተወዋል። ዝም ያለው ግን ነርቩ ስለ ሞተ ነው፤ መግሉ ከሥሩ ጫፍ አጥንቱን መብላት ይቀጥላል። የሚዋጥ መድኀኒት ብቻውን አይፈውሰውም፤ ወደ ሞተ ሥጋ ደም ስለማይገባ መድኀኒቱም አይደርስም።

ሐኪሙ በመርፌ አደንዝዞ ጥርሱን ከላይ ይከፍታል፤ የሞተውን ሥጋ በቀጫጭን ሞረድ ጠርጎ ያወጣል፤ ቦዩን ተሕዋስያን በሚገድል ፈሳሽ ያጥበዋል። ከዚያ ጉታ ፐርካ በሚባል የዛፍ ሙጫ ይሞላዋል፤ ይኸው ሙጫ በድሮ ዘመን ከባሕር በታች የተዘረጋውን የቴሌግራፍ ሽቦ ይሸፍን የነበረው ነው። ሕክምናው ያሠቃያል የሚባለው ማደንዘዣው ሳይሻሻል ከነበረው ጊዜ የቀረ ወሬ ነው፤ ለጥቂት ቀን መጠዝጠዙ ግን አይካድም። እርግጥ ከድድ በታች የተሰበረ ጥርስ ቢነቀል ይሻላል። ሊድን የሚችለውን ነቅሎ መጣል ግን፤ ዋጋው ቢረክስም፤ የማኘክ ኀይልን ማጉደል ነው።

የካርቱም ዩኒቨርሲቲ የጥርስ ሕክምና ፋኩልቲ የተቋቋመው በ1971 ነው። ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በተነሣው ጦርነት ብዙ ሆስፒታሎች ተዘጉ፤ ሐኪሞችም ተሰደዱ። በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ለተሻገረውም ሆነ በከተማው ለቀረው ሰው የጥርስ ሐኪም ማግኘት ጭንቅ ሆነ። እንዲህ ባለ ጊዜ አፍን ለብ ባለ የጨው ውኃ መጕመጥመጥና ጥቂት የቅርንፉድ ዘይት በጥጥ ነክሮ መያዝ ለጊዜው ያስታግሣል። አስፕሪን በድድ ላይ ማስቀመጥ ግን ድዱን ያቃጥላል እንጂ አይጠቅምም። እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ከአገጭ በታች ወደ አንገት ከወረደ፤ ትኩሳት ከተነሣ፤ አፍ መክፈት ወይም ምራቅ መዋጥ ካስቸገረ፤ ትንፋሽ ሊዘጋ ይችላልና የጥርስ ሐኪም እስኪገኝ ሳይጠበቅ በዚያው ሌሊት ወደሚገኘው ማናቸውም ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።