የፋይሎችን መለያ ደንብ ስለ ማቅለል
(በማኅበራችን የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)




 ርእሴን የሰሙ አንዳንድ ጓደኞቼ «ይህ የኮምፒዩተር ክፍል ተማሪዎች ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ብለውኛል። መልሴ አጭር ነው። የተማሪው ውጤት፣ የበሽተኛው ካርድና የነጋዴው ሒሳብ ዛሬ በብዙ ቦታ የሚቀመጠው በሰርቨር ላይ ነው፤ ከሰርቨሮቹም እጅግ ብዙዎቹ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። እንግዲያስ የሊኑክስ ዘበኛ እንዴት እንደሚሠራና ለምን ብዙ ጊዜ ከሥራው እንደሚሰናበት ማወቅ ለሁላችንም ይጠቅማል።

የንግግሬ ፍሬ ነገር የሚከተለው ነው። የፋይል መለያ ደንቦች ሲበዙና ሲወሳሰቡ አስተዳዳሪው ይታክተውና ዘበኛውን በሙሉ ያሰናብተዋል። ስለዚህ ደንቡን ማቅለል ጥበቃውን ማጽናት ነው። ይሁን እንጂ መቅለል የሚገባው የደንቡ አጻጻፍ ነው፤ በሚጠበቁት ነገሮች መካከል ያለው ልዩነት ግን እንዳለ መቆየት አለበት። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ያላየ ሰው አቀለልኩ ሲል ያፈርሳል።

በመጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። በሊኑክስ ውስጥ የተለመደው ፈቃድ በባለቤቱ እጅ ነው። የፋይሉ ባለቤት ማን እንደሚያነብና ማን እንደሚጽፍ ይወስናል፤ ሩት የሚባለው ዋናው ሹም ደግሞ ሁሉን ይችላል። የዚህ አሠራር ጉድለት ግልጽ ነው፤ አንድ ፕሮግራም በጠላት እጅ የወደቀ እንደ ሆነ የባለቤቱን ሥልጣን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ስለዚህ ከባለቤቱ ፈቃድ በላይ የሆነ ሁለተኛ ቁጥጥር ተፈጠረ። ይህም አስገዳጅ ቁጥጥር ነው፤ ባለቤቱ ቢወድም ቢጠላም ፖሊሲው ያልፈቀደው አይሆንም።

ከነዚህ ቁጥጥሮች በስም የታወቀው ኤስኢሊኑክስ ነው። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ልጥቀስና፣ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በ2000 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ለሕዝብ አወጣው፤ በ2003 ወደ ሊኑክስ ከርነል 2.6 ገባ፤ በ2005 የወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 4 ይዞት ቀረበ። በ2014 የወጣው አንድሮይድ 5.0 ደግሞ ለስልኩ ፕሮግራሞች ሁሉ አስገዳጅ አደረገው። እንግዲህ ከእናንተ መካከል የአንድሮይድ ስልክ የያዘ ሰው ይህን ዘበኛ በኪሱ ይዞት ተቀምጧል ማለት ነው።

አሠራሩን በመዝገብ ቤት እንመስለው። በአንድ መዝገብ ቤት በእያንዳንዱ ዶሴ ሽፋን ላይ «የደመወዝ»፣ «የክስ»፣ «የዕቃ ግዥ» የሚል መለያ ተለጥፏል እንበል። ለጸሐፊዎቹም እንዲሁ መለያ ተሰጥቷቸዋል። በበሩ ላይ የቆመው ዘበኛ የጸሐፊውን መልክ አይመለከትም፤ ዶሴው ከየትኛው መደርደሪያ እንደ መጣም አይጠይቅም። የጸሐፊውን መለያና የዶሴውን መለያ ያስተያያል፤ በሕጉ ላይ የሁለቱ መገናኘት ከተፈቀደ ያሳልፋል፤ ካልተፈቀደ ይመልሳል። ኤስኢሊኑክስም እንዲሁ ነው። እያንዳንዱ ፋይልና እያንዳንዱ በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም መለያ አለው። መለያው ዩዘር፣ ሮል፣ ታይፕና ደረጃ የሚባሉ አራት ክፍሎች ሲኖሩት፣ የዕለት ፍርዱ አብዛኛው የሚያርፈው በታይፑ ላይ ነው።

ታዲያ መለያውን በፋይሉ ላይ የሚለጥፈው ማነው? ለዚህ ሥራ አንድ ትልቅ ዝርዝር አለ። በእያንዳንዱ መስመር ላይ «ከዚህ ቦታ ጀምሮ፣ ስሙ ይህን የመሰለ ፋይል ሁሉ ይህ መለያ ይሰጠው» የሚል ደንብ ተጽፏል። በፌዶራና በዘመዶቹ እነዚህ መስመሮች በሺህ የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ነገር በደንብ ልብ በሉልኝ። ዘበኛው ፋይል በተከፈተ ቁጥር ይህን ዝርዝር አይገልጥም። ዝርዝሩ የሚነበበው ፕሮግራም በሚተከልበት ወይም መለያ እንደ ገና በሚለጠፍበት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚታየው በፋይሉ ላይ የተለጠፈው ብቻ ነው። ስለዚህ ዝርዝሩ ሌላ፣ በፋይሉ ላይ ያለው ሌላ ሊሆን ይችላል። ችግሩ ሁሉ የሚወለደው እዚህ ላይ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። አንድ ሠራተኛ የመሥሪያ ቤቱን ድረ ገጽ በራሱ የሆም ፎልደር ውስጥ ያዘጋጅና በ«ኤምቪ» ትእዛዝ ወደ ድር ሰርቨሩ ፎልደር ያዛውረዋል። የተዛወረ ፋይል የቀድሞ መለያውን ይዞ ይሄዳል፤ ስለዚህ «የሰው ቤት ዕቃ» የሚለው መለያ እንደ ተለጠፈበት ነው። በ«ሲፒ» ትእዛዝ ቢገለብጠው ኖሮ አዲሱ ቅጂ የሚገባበትን ፎልደር መለያ በወረሰ ነበር። ሁለቱ ሥራዎች ለዓይን አንድ ናቸው፤ ውጤታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ድር ሰርቨሩ ገጹን እንዳያነብ ይከለከላል። ሠራተኛው የተለመደውን ፈቃድ ይመረምራል፤ ምንም ጉድለት የለውም። ጨንቆት 777 ብሎ ለዓለም ሁሉ ይከፍተዋል፤ አሁንም ክልክል ነው፤ ምክንያቱም የነካው የመጀመሪያውን ቁጥጥር እንጂ ሁለተኛውን አይደለም። በመጨረሻ ከአንድ ቦታ «ኤስኢሊኑክስን አጥፋው» የሚል ምክር ያነብና ያጠፋዋል። ገጹ ይከፈታል፤ እርሱም ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ፋይሉን እንደ ዝርዝሩ አድርጎ የሚመልሰው ትእዛዝ «ሪስቶርኮን» የሚባል አንድ ቃል ነበር።

«ቢጠፋስ ምን ይሆናል?» የሚል ቢኖር በየካቲት 2019 የተገለጸውን ነገር ያስታውስ። ኮንቴነሮችን በሚያስነሣው ሩንሲ በተባለው ፕሮግራም ላይ ከባድ ቀዳዳ ተገኘ። በኮንቴነር ውስጥ የታሰረ ክፉ ፕሮግራም በውጭ ያለውን የሩንሲን ፋይል በራሱ ጽሑፍ ተክቶ የማሽኑ ሁሉ ጌታ ለመሆን ይችል ነበር። ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 7 ላይ ኤስኢሊኑክስ በርቶ ሲገኝ ግን ጥቃቱ ይቆም ነበር፤ የኮንቴነሩ መለያ በሩንሲ ፋይል መለያ ላይ መጻፍ አልተፈቀደለትምና። የታደገው በአንድ ፋይል ላይ የተለጠፈ መለያ ነበር። ዘበኛውን አስቀድሞ ያሰናበተ ሰው ይህን እርዳታ አያገኝም።

እንግዲህ ደንቦቹ ለምን ተወሳሰቡ? ሦስት ምክንያት እጠቅሳለሁ።

አንደኛው፣ ለአንድ ቦታ ሁለት ስም መኖሩ ነው። ፕሮግራሞች በ/ቢን፣ በ/ኤስቢን፣ በ/ዩኤስአር/ቢንና በ/ዩኤስአር/ኤስቢን ተበታትነው ሲኖሩ ፖሊሲ ጸሐፊዎች ለአንዱ ፕሮግራም ሁለትና ከዚያም በላይ መስመር ይጽፉ ነበር። ሁለተኛው፣ ደንቦቹ በሬጉላር ኤክስፕሬሽን ስለሚጻፉ መደራረባቸው ነው። ሰፊውና ጠባቡ ደንብ አንዱን ፋይል ሁለቱም ሲይዙት የትኛው ያሸንፋል? ከፖሊሲው ጋር የሚመጡት ደንቦች ጠባቡ እንዲያሸንፍ ሆነው ይደረደራሉ፤ አስተዳዳሪው ራሱ የሚጨምራቸው ግን ረጅም ዘመን በተለመደው አሠራር በኋላ የተጨመረው የሚያሸንፍባቸው ናቸው። ይህን ያላወቀ ሰው ጠባቡን ቀድሞ ሰፊውን አስከትሎ ይጽፍና ሰፊው ጠባቡን ሲውጠው ይደነቃል። ሦስተኛው፣ ችግር በተነሣ ቁጥር ከሥሩ ሳይመረምሩ አንድ ደንብ መጨመር ልማድ መሆኑ ነው። ማር ሲበዛ ይመራል እንዲሉ፣ ደንብም ሲበዛ የሚያነበው አይገኝም።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ልምጣ።

የመጀመሪያው መንገድ ሁለት ስም ያለውን አንድ ማድረግ ነው። ፌዶራ በ2012 በወጣው በ17ኛው እትሙ የ/ቢንና የ/ኤስቢንን ይዞታ ወደ /ዩኤስአር አገባ፤ በ2025 በወጣው በ42ኛው እትሙም /ዩኤስአር/ኤስቢንን ከ/ዩኤስአር/ቢን ጋር አዋሐደ። ቦታው አንድ ሲሆን ደንቡም አንድ ለመሆን ይችላል።

ሁለተኛው መንገድ የአቻነት ደንብ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ድረ ገጾቹን በተለመደው በ/ቫር/ደብልዩደብልዩደብልዩ ፈንታ በ/ኤስአርቪ/ዌብ ማኖር ፈለገ እንበል። በተራ መንገድ ቢሄድ የገጾቹን፣ የስክሪፕቶቹንና የሌሎቹንም ደንብ አንድ በአንድ እንደ ገና መጻፍ ሊኖርበት ነው። የአቻነት ደንብ ግን በአንድ መስመር «ይህን ፎልደር ልክ እንደዚያኛው ቍጠረው» ይላል። የፖሊሲው ደንብ ሁሉ ለአዲሱ ቦታ ያገለግላል፤ ወደ ፊት ፖሊሲው ሲሻሻል ማሻሻሉም አብሮ ይመጣል። ልዩነት አልጠፋም፤ የቀረው ድግግሞሹ ነው። ማቅለል ብዬ የምጠራው ይህን የመሰለውን ነው። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። ሁለት ቦታዎች አቻ ከተባሉ በኋላ ደንብ የሚጻፈው በዋናው ስም ነው፤ በአቻው ስም የሚጽፍ ሰው ግጭት አለ ተብሎ ይመለሳል።

ሦስተኛው መንገድ ዕቃን በየቦታው ማስቀመጥ ነው። አዲስ ፋይል ሌላ ደንብ ከሌለበት የፎልደሩን መለያ ይወርሳል ብያለሁ። እንግዲያስ የሚነበበውን በአንድ ፎልደር፣ የሚጻፍበትን በሌላ ፎልደር ለይቶ ያኖረ አስተዳዳሪ ሁለት ደንብ ይበቃዋል። ሁለቱን ቀላቅሎ በአንድ ፎልደር ያጨቀ ግን ለእያንዳንዱ ፋይል ደንብ ሲጽፍ ይኖራል።

እዚህ ላይ የሐሰቱን ማቅለል ልጥቀስ። «ነገሩ ይቅለልልኝ» ብሎ የድረ ገጹን ፋይሎች በሙሉ ሰርቨሩ ሊጽፍባቸው የሚችል መለያ የሚለጥፍ ሰው አለ። በእርግጥ ደንቡ አንድ መስመር ሆኗል። ነገር ግን ሌባ በገጹ ቀዳዳ የገባ እንደ ሆነ የገጾቹን ጽሑፍ ሁሉ እንደ ወደደ ለመለወጥ ይችላል። እንዲሁም የክልከላውን መዝገብ ለ«ኦዲትቱአላው» ሰጥቶ የሚወጣውን ፈቃድ ሳያነብ የሚያጸድቅ አለ። ጥፋቱ የመለያ ስሕተት ሆኖ ሳለ ይህ ሰው ሕጉን ራሱን ያሰፋል። የዶሴው ስያሜ ተሳስቶ ቢገኝ ስያሜውን ማረም ሲገባ ለጸሐፊው የመዝገብ ቤቱን ሁሉ ቍልፍ መስጠት ነው።

ልዩነትን ሳያጠፉ ደንብን ማሳነስ እንደሚቻል የሚያሳይ ጥሩ ምስክር አለ። በ2009 በፌዶራ 11 የመጣው ኤስቨርት በአንድ ማሽን ላይ የሚሠሩትን ምናባዊ ማሽኖች ለመለየት ለእያንዳንዳቸው አዲስ ታይፕ አልፈጠረም። ሁሉም አንድ ታይፕ አላቸው፤ የሚለያዩት በመለያው የመጨረሻ ክፍል በሚጻፉ ሁለት የምድብ ቍጥሮች ነው። ምድቦቹ 1024 ስለ ሆኑ የሁለት ሁለቱ ጥምረት ከ500,000 ይበልጣል። አንዱ ምናባዊ ማሽን የሌላውን ዲስክ አይነካም፤ የፖሊሲው ጽሑፍ ግን አላበዛም።

ተቃውሞም አለ። «መለያ መለጠፍ ለምን አስፈለገ? በቦታው ስም ብቻ ብንፈርድ አይቀልምን?» የሚሉ አሉ። ይህ ከንቱ ሐሳብ አይደለም፤ በ2010 በከርነል 2.6.36 የገባውና በኡቡንቱ የሚሠራበት አፕአርመር የሚፈርደው በቦታው ስም ነው፤ ለማንበብም ይቀላል። ነገር ግን አንድ ፋይል ሁለት ስም ሊኖረው ይችላል፤ በስም የሚፈርድ ዘበኛም በየትኛው ስም እንደ ተጠራ ማየት አለበት። መለያው ግን ከፋይሉ ጋር ስለሚኖር ስሙ ቢለወጥም አይለወጥም። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው፤ ኤስኢሊኑክስን የመረጠ ሰው ግን የመለያን ሥራ በሥርዓት መያዝ ግዴታው ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የሰርቨር ኃላፊ ይሆናሉ። ያን ጊዜ «ክልክል ነው» የሚል ቃል ሲመጣባቸው አራት ጥያቄ በተራ እንዲጠይቁ አደራ እላለሁ። የፋይሉ መለያ ምንድን ነው? ዝርዝሩስ ምን መሆን አለበት ይላል? ሁለቱ ካልተስማሙ «ሪስቶርኮን» አይበቃምን? ዝርዝሩ ራሱ ከጐደለ ደግሞ አዲስ ደንብ ከመጻፍ በፊት በአቻነት ወይም ቦታን በማስተካከል አይፈታምን? ከነዚህ በኋላ ብቻ አዲስ ደንብ ይጻፍ፤ ለምን እንደ ተጻፈም ለሚተካቸው ሰው በማስታወሻ ይቀመጥ።

ሕግ የሚከበረው ሲታወቅ ነው፤ የሚታወቀውም ሰው ሊያነበው በሚችል መጠን ሲጻፍ ነው። ይህ ለአገር እውነት እንደ ሆነ ሁሉ ለአንድ ሰርቨርም እውነት ነው።